እርድ ለብግነትና ለበሽታ መከላከል አቅም፦ በፎገራ ሜዳ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ

መግቢያ

በገበያ ቀን ወደ ወረታ የቅመማ ቅመም ተራ የገባ ሰው ከአብሹ፣ ከጥቁር አዝሙዱና ከኮረሪማው ጎን የተዘረጋውን ቢጫ እርድ ሳያይ አያልፍም። እርድ የፎገራ ሜዳ ተክል አይደለም። በአገራችን በብዛት የሚመረተው ሞቃትና እርጥበታማ በሆነው የደቡብ ምዕራብ ክፍል፣ በተለይም በቴፒና በአካባቢዋ ነው። ዛሬ የወረታ ስም ከሩዝ ምርምር ማዕከሏ ጋር እንደሚነሣ ሁሉ የቴፒ ስምም ከቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከሏ ጋር ይነሣል። እርድ ከሩቅ ይምጣ እንጂ ለፎገራ እናቶች እንግዳ አይደለም፤ ያለ እርሱ አልጫ ወጥ ቀለም የለውም፤ ቅቤም ሲነጠር ከቅመሞቹ አንዱ እርሱ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን እርድ ከምግብ ማጣፈጫነት አልፎ በመድኃኒትነት ስሙ በሰፊው ይነሣል። በተለይም የኮሮና ወረርሽኝ በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ በኋላ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሎሚና ከማር ጋር ተቀላቅሎ «የሰውነትን አቅም ያጠነክራል» ተብሎ የሚጠጣ ሆኗል። «ብግነትን ያጠፋል፣ መገጣጠሚያን ያሽላል» የሚለውም ወሬ በየመንደሩ ይሰማል። ሕሙማንም ይህንኑ ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ።

ለማስተማሪያ ያህል ሁለት ሕሙማንን እናስብ። አንደኛዋ የ58 ዓመት እናት ናቸው። ለብዙ ክረምቶች ውኃ በተኛበት ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብለው ሩዝ ሲያርሙ ኖረዋል። ሁለቱም ጉልበቶቻቸው ያምማቸዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዳይክሎፌናክ እየገዙ ሲውጡ ከርመው አሁን ጨጓራቸው ይቃጠላል። «ዳይክሎፌናኩን ትቼ እርድ ብወስድስ?» ይላሉ። ሁለተኛው የ19 ዓመት ወጣት ነው። በመተማ በኩል ለቀን ሥራ ወርዶ ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት ጀምሮታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እርድና ነጭ ሽንኩርት በማር ሲወስድ ቆይቷል፤ ሰውነቱ እየከሳ፣ በግራ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ ሥር አንዳች ነገር እየጠጠረ መጥቷል። ሁለቱም ስለ አንድ ቅመም ይጠይቁናል፤ መልሱ ግን ለሁለቱ አንድ ሊሆን አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጤና ባለሙያው ለሁለቱም ተገቢውን መልስ እንዲሰጥ የሚረዳ መረጃ ማቅረብ ነው።

እርድ ምንድን ነው?

እርድ በሳይንሳዊ ስሙ ኩርኩማ ሎንጋ ይባላል፤ የዝንጅብል ቤተሰብ ነው። ለምግብነት የሚውለው ከአፈር ሥር የሚያድገው ወፍራም ግንዱ ሲሆን፣ ተቀቅሎና ደርቆ ይፈጫል። ቢጫ ቀለሙን የሚሰጡት ኩርኩሚኖይድ የተባሉ ንጥረ ነገሮች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ዋነኛው ኩርኩሚን ነው። ቮጌልና ፔሌቲዬ የተባሉ ተመራማሪዎች ኩርኩሚንን እ.ኤ.አ. በ1815 ከእርድ ለይተው አወጡት፤ ኬሚካላዊ አወቃቀሩ የታወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1910 ነው።

ባለሙያው ሊያስታውሳቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ በእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚኖይድ ከመቶ ከ2 እስከ 5 እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ «እርድ» እና «ኩርኩሚን» አንድ አይደሉም፤ ስለ አንዱ የተጠናው ለሌላው በቀጥታ አይውልም። ሁለተኛው፣ ኩርኩሚን በውኃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ የሚሟሟው በቅባት ነው። እናቶቻችን እርድን በዘይት ወይም በቅቤ ማቁላላታቸው ከዚህ ባሕርይው ጋር የሚስማማ ነው። በሙቅ ውኃ ብቻ በጥብጦ መጠጣት ግን አብዛኛውን ኩርኩሚን ሳይሟሟ በአንጀት አልፎ እንዲወጣ ያደርገዋል።

በላቦራቶሪ የታየው

ብግነት ወይም ኢንፍላሜሽን ሰውነት ለቁስል፣ ለጀርምና ለሌላም ጉዳት የሚሰጠው ምላሽ ነው። መቅላት፣ ማበጥ፣ መሞቅ፣ መታመምና የአካል ክፍሉ ሥራውን ማቆም ምልክቶቹ መሆናቸውን ሁላችንም ተምረናል። አጣዳፊ ብግነት ጠላት አይደለም፤ ያለ እርሱ ቁስል አይድንም፣ ጀርምም አይሸነፍም። ጉዳት የሚያስከትለው ጊዜውን ጠብቆ ሳይበርድ ሲቀርና ሥር ሲሰድ ነው።

በሴሎቻችን ውስጥ ይህን ምላሽ ከሚያስነሡት ዋና ዋና መቀስቀሻዎች አንዱ ኤን ኤፍ ካፓ ቢ የተባለ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ሲነቃ ወደ ሴሉ ኒውክሊየስ ገብቶ እንደ ቲ ኤን ኤፍ አልፋ፣ ኢንተርሉኪን 1 እና ኢንተርሉኪን 6 ያሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖች፣ እንዲሁም ኮክስ 2 የተባለው ኢንዛይም እንዲመረቱ ያደርጋል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመም የሚያስታግሱት የኮክስ ኢንዛይሞችን በማገድ መሆኑ የታወቀ ነው። ኩርኩሚን በላቦራቶሪ ባደጉ ሴሎች ላይ ኤን ኤፍ ካፓ ቢን እንደሚገታ እ.ኤ.አ. በ1995 ከታተመ በኋላ በሺሕ የሚቆጠሩ ጥናቶች ተከትለዋል። የእርድ ዝና በሳይንሱ ዓለም የገነነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2017 በመድኃኒት ኬሚስትሪ መጽሔት ላይ የወጣ ሰፊ ግምገማ ጠቃሚ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። ኩርኩሚን ያልረጋና ከብዙ ነገር ጋር በቀላሉ የሚጣበቅ ሞለኪውል በመሆኑ፣ በላቦራቶሪ መመርመሪያዎች ላይ ያልሠራውን ሥራ የሠራ ሊያስመስል ይችላል። ከዚህም በላይ በሴል ማሳደጊያ ሳሕን ውስጥ የሚጨመረውን ያህል ኩርኩሚን በሰው ደም ውስጥ ማግኘት አይቻልም። በሳሕን ውስጥ የታየ ውጤት የምርምር መነሻ እንጂ የሕክምና ማረጋገጫ አይደለም።

የመጠን ጉዳይ

በሕክምና ትምህርት ቤት ስለ ማንኛውም መድኃኒት አስቀድመን የምንጠይቀው «ምን ያህል?» ብለን ነው። ስለ እርድም እንዲሁ መጠየቅ ይኖርብናል።

አንድ የሻይ ማንኪያ የእርድ ዱቄት በግምት 3 ግራም ይመዝናል። ከመቶ 3 እጁ ኩርኩሚኖይድ ነው ብንል 90 ሚሊግራም ይኖረዋል። ይህ ማንኪያ ስድስት ሰው በሚበላው አልጫ ውስጥ ቢገባ ለእያንዳንዱ ሰው 15 ሚሊግራም ይደርሰዋል። ከዚህ በታች ከሚጠቀሱት ጥናቶች በአንዱ ሕሙማኑ የወሰዱት ግን በቀን 2 ግራም የተጣራ ኩርኩሚን ነበር። ያን ያህል ኩርኩሚን ከዱቄት ለማግኘት በየቀኑ ወደ 67 ግራም፣ ማለትም ከ20 የሻይ ማንኪያ በላይ እርድ መብላት ያስፈልጋል። ስለዚህ በወጥ ውስጥ ያለው እርድ በጥናቶቹ የተሞከረው መድኃኒት አይደለም።

የተዋጠውም ቢሆን ሁሉ ወደ ደም አይገባም። ኩርኩሚን ከአንጀት የሚመጠጠው በጣም በጥቂቱ ነው፤ የተመጠጠውንም አንጀትና ጉበት ፈጥነው ይለውጡታል። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት ጤናማ ፈቃደኞች 2 ግራም ኩርኩሚን ወስደው በደማቸው ውስጥ የተገኘው ወይ ምንም ወይም እጅግ ጥቂት ነበር። በቁንዶ በርበሬ ውስጥ የሚገኘው ፓይፐሪን 20 ሚሊግራም ሲጨመርበት መጠኑ 20 እጥፍ ገደማ ከፍ ብሏል፤ ሆኖም በደም ውስጥ የቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። ፓይፐሪን ይህን የሚያደርገው ጉበትና አንጀት መድኃኒቶችን የሚያስወግዱባቸውን ኢንዛይሞች በመግታት ነው። የአንድን ሰው መድኃኒት የማስወገጃ መንገድ መዝጋት የሚያስከትለውን አደጋ ከዚህ በታች እንመለከተዋለን።

ይህ ሁሉ ተክል መድኃኒት አይሆንም ለማለት አይደለም። በፎገራ ጤና ኬላዎች ለወባ በምንሰጠው አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን ውስጥ ያለው አርቴሜተር መነሻው ተክል ነው። የቻይናዋ ተመራማሪ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. የ2015ን የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ከዚያ ተክል አርቴሚሲኒንን በማግኘታቸው ነበር። ነገር ግን ተክሉ መድኃኒት የሆነው ንጥረ ነገሩ ተለይቶ፣ መጠኑ ተወስኖ፣ በሕሙማን ላይ ተፈትኖ ነው። እርድ የመጀመሪያውን ደረጃ አልፏል፤ የመጨረሻውን ግን ገና አላለፈም።

በሕሙማን ላይ የታየው

ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው በጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ላይ ነው። በታይላንድ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት 367 ሕሙማንን ያካተተ ሲሆን፣ በቀን 1500 ሚሊግራም የተጣራ እርድ በቀን 1200 ሚሊግራም ከሚወሰድ አይቡፕሮፌን ጋር ለአራት ሳምንታት ተነጻጽሯል። የሕመሙ መቀነስ በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነበር። የሆድ ሕመም ያጋጠማቸው ግን እርድ በወሰዱት ላይ አነስተኛ ነበሩ። በዚህ ጥናት ማስመሰያ መድኃኒት የወሰደ ሦስተኛ ቡድን አለመኖሩን ግን ልብ ማለት ይገባል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምረው በአውስትራሊያ ታዝማኒያ ግዛት የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት ነው። ጉልበታቸው ውኃ የቋጠረ 70 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ለ12 ሳምንታት የተጣራ እርድ ወይም ማስመሰያ ወስደዋል። እርዱን በወሰዱት ላይ ሕመሙ በመጠኑ ቀንሷል። በኤም አር አይ የታየው የጉልበት ውኃና የሽፋኑ ብግነት ግን ከማስመሰያው ጋር ሲነጻጸር ለውጥ አላሳየም። ይህ ማለት እርዱ ሕመሙን በመጠኑ ቢያስታግስም፣ «ብግነትን ያጠፋል» የሚለው አባባል በዚያ ጉልበት ውስጥ አልተረጋገጠም ማለት ነው።

ሌላው የተጠናው በትልቁ አንጀት ላይ የሚከሠተው አልሰረቲቭ ኮላይቲስ የተባለ በሽታ ነው። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት በሽታቸው ጋብ ያለላቸው 89 ሕሙማን ከመደበኛ መድኃኒታቸው ጋር በቀን 2 ግራም ኩርኩሚን ወይም ማስመሰያ ወስደዋል። በስድስት ወር ውስጥ በሽታው ያገረሸባቸው ኩርኩሚን ከወሰዱት 43 ሰዎች 2፣ ማስመሰያ ከወሰዱት 39 ሰዎች ደግሞ 8 ነበሩ። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ነገር ግን ኩርኩሚኑ የተሰጠው በመደበኛው መድኃኒት ላይ ተጨምሮ እንጂ በምትኩ አልነበረም። ደግሞም ይህ በሽታ በምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ የተደረገ ነው፤ በእኛ አካባቢ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲታይ አስቀድሞ ሊታሰቡ የሚገባቸው አሜባ፣ ሺጌላና ቢልሃርዝያ ናቸው።

«አቅም ያጠነክራል» የሚለው አባባል

ሕዝቡ ስለ እርድ ሁለት ነገር በአንድ ትንፋሽ ይናገራል፤ ብግነትን ይቀንሳል፣ በሽታ የመከላከል አቅምን ያጠነክራል ይላል። የጤና ባለሙያው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይኖርበታል። ብግነትን የሚቀሰቅሱት እነ ቲ ኤን ኤፍ አልፋ ናቸው፤ ሰውነትም ጀርምን የሚዋጋው በእነዚሁ ነው። አንዱን እየገቱ ሌላውን ማጠንከር ቀላል አይደለም።

ፕሬድኒሶሎንን እናስታውስ። ብግነትን ከሚያበርዱ መድኃኒቶች ሁሉ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደው ሰው ግን ለኢንፌክሽን እንደሚጋለጥ እናውቃለን። ቲ ኤን ኤፍ አልፋን የሚያግደው ኢንፍሊክሲማብ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላም ተኝቶ የነበረ የሳንባ ነቀርሳ በአንዳንድ ሕሙማን ላይ እንደተቀሰቀሰ እ.ኤ.አ. በ2001 ተዘግቧል። እርድ ይህን ያደርጋል ማለቴ አይደለም፤ በወጥ ውስጥ ያለው መጠን ይህን ለማድረግ አይበቃም። ነገር ግን እርድ በእውነት ብግነትን በብርቱ የሚገታ ቢሆን ኖሮ፣ ኢንፌክሽን ላለበት ሰው «አቅም ማጠንከሪያ» ብለን ባልመከርነው ነበር።

በሽታ የመከላከል አቅምን የሚገነቡት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ክትባት፣ የእናት ጡት ወተት፣ የተመጣጠነ ምግብ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ ላለ ወገኖች በወቅቱ የተጀመረ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ናቸው። የከሳ ልጅ ላላት እናት የማርና የእርዱ ገንዘብ ለእንቁላል ቢውል ለልጇ መከላከያ አቅም የተሻለ ነው።

የፎገራና የሊቦ ከምከም ትምህርት

ይህ ነገር የቃላት ክርክር ብቻ እንዳልሆነ የአካባቢያችን ታሪክ ያስረዳል። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በሚያጥለቀልቁት ሜዳና በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች ትኩሳት ሲነሣ ሁሉም ሰው የሚያስበው ወባን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በሊቦ ከምከም ሰዎች ለረጅም ጊዜ እያተኮሳቸው፣ ሆዳቸው እየተነፋ፣ እየከሱ ይሞቱ ነበር። መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተብሎ ታሰበ። በሽታው ካላአዛር መሆኑ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2005 ነው። ወረርሽኙ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ እጅግ በረታ፤ በሁለት ወረዳዎችም ተስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በአካባቢው ነባር በሽታ ሆኖ ተተከለ።

እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2005 እስከ ታኅሣሥ 2007 ድረስ በድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት የሕክምና ማዕከል የታከሙት ሕሙማን መዝገብ ሲመረመር፣ ከአራት እጅ ሦስት እጅ በላይ የሚሆኑት ወንዶች ነበሩ፤ የዕድሜያቸውም አማካይ 18 ዓመት ነበር። በሕክምና ላይ እያሉ የሞቱት ከመቶ 3.6 ብቻ ናቸው። ለሞት ይበልጥ የተጋለጡት 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት፣ ኤች አይ ቪ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የሳንባ ምች ወይም ከባድ የምግብ እጥረት የነበረባቸው ነበሩ። ካላአዛር ሳይታከም ከቀረ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሞት ያደርሳል። በመታከምና ባለመታከም መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ሰፊ ነው።

የካላአዛር ጥገኛ ተውሳክ የሚኖረው በመከላከያ ሴሎቻችን ውስጥ፣ በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ነው። ሰውነት እርሱን ለመግደል የሚያስፈልገው እነዚያኑ የብግነት መልእክተኞች ነው። በላቦራቶሪ ኩርኩሚን የሊሽማኒያ ተውሳክን ሊጎዳ እንደሚችል ያሳዩ ጥናቶች ቢኖሩም፣ በሰው ላይ ካላአዛርን ያዳነ እርድ የለም። ስለዚህ ትኩሳት ይዞት «አቅም ማጠንከሪያ» እየጠጣ ሦስት ሳምንት የቆየ ወጣት፣ እርዱ በራሱ ባይጎዳውም ሦስቱ ሳምንታት ጎድተውታል።

ጉዳት ሊያስከትል የሚችልበት ሁኔታ

በምግብ መጠን እርድ ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው። የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ ኮሚቴ ለኩርኩሚን ያስቀመጠው የቀን ጣሪያ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 3 ሚሊግራም ነው፤ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 150 ሚሊግራም ማለት ነው። ከወጥ የሚገኘው ከዚህ በእጅጉ ያንሳል። የተጣራው እንክብል ግን ጣሪያውን ብዙ ጊዜ አጥፎ ያልፋል።

ጉበት፦ በአሜሪካ የመድኃኒት ወለድ የጉበት ጉዳትን የሚከታተለው መረብ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ከእርድ ጋር የተያያዙ 10 ሕሙማንን መዝግቧል። አምስቱ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ አንዱ በጉበት መድከም ሞቷል። ከተመረመሩት ሰባት እንክብሎች ሦስቱ ፓይፐሪን የተጨመረባቸው ነበሩ። ከዐሥሩ ሰባቱ ኤች ኤል ኤ ቢ 35፡01 የተባለውን የዘር ምልክት ይዘው ተገኝተዋል። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሕመምተኛ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ እርድ የሚወስድ ከሆነ ማስቆም ይገባል።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር፦ ፓይፐሪን እንደ ፌኒቶይንና ፕሮፕራኖሎል ያሉ መድኃኒቶችን በደም ውስጥ ከፍ እንደሚያደርግ ታይቷል። የሚጥል በሽታ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤች አይ ቪ ወይም የካላአዛር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በፓይፐሪን የተቀናበረ እንክብል እንዳይጨምር መምከር አስተዋይነት ነው። ዋርፋሪን የሚወስዱና ቀዶ ሕክምና የሚጠብቃቸውም እንዲሁ ይጠንቀቁ።

ሐሞት፦ 20 ሚሊግራም ኩርኩሚን እንኳ የሐሞት ከረጢትን እንደሚያኮማትር በጤናማ ሰዎች ላይ ታይቷል። የሐሞት ጠጠር ላለበት ሰው እንክብሉ አይመከርም።

የደም ማነስ፦ ኩርኩሚን ብረትን የመያዝ ባሕርይ አለው። የደም ማነስ ያለባቸውና ነፍሰ ጡር እናቶች በምግብ ከሚገኘው በላይ እንዳይወስዱ ይመከራል።

ቁስልና እትብት፦ የእርድ ዱቄት ከጀርም የጸዳ አይደለም። አፈር ነክቶት የተፈጨ ዱቄት የመንጋጋ ቆልፍን ዘር ሊይዝ ስለሚችል በተከፈተ ቁስልም ሆነ በጨቅላ እትብት ላይ መነስነስ የለበትም። ለእትብት ያለን ክሎርሄክሲዲን ነው።

ባዕድ ነገር፦ በባንግላዴሽ እርዱ ደምቆ እንዲታይ ሊድ ክሮሜት የተባለ መርዛማ ቀለም ይቀባ እንደነበረ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አረጋግጧል። በሊድ የሚጎዱት በተለይ ሕፃናት ናቸው። ከልክ በላይ የደመቀና እጅ ላይ ቀለሙ ዱቄት ሆኖ የሚቀር እርድ አለመግዛት፣ ከተቻለም ሳይፈጭ ገዝቶ አጥቦ ማስፈጨት ይመረጣል።

ባለሙያው ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ መጠየቅ ነው። ሕሙማን የባህል መድኃኒት መውሰዳቸውን ካልተጠየቁ አይነግሩንም፤ በቁጣ ከተጠየቁም ይደብቁናል። «እናቴ፣ ወደኛ ከመምጣትዎ በፊት ቤት ውስጥ የሞከሩት ነገር አለ? ምን ያህል? ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ብዙ ምሥጢር ይከፍታል። የተነገረንንም በካርዱ ላይ እንጻፍ።

በመቀጠል ሊዘገይ የማይችለውን ከሚችለው መለየት ነው። የሚከተሉት ምልክቶች ያሉበት ሰው በእርድም ሆነ በሌላ የቤት መድኃኒት አይቆይ፦

1. ማንኛውም ትኩሳት፤ በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ያስፈልገዋል።
2. ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ትኩሳት ከጣፊያ ማበጥ ወይም ከመክሳት ጋር፤ የካላአዛር ፈጣን ምርመራና የኤች አይ ቪ ምርመራ ያስፈልገዋል።
3. ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፤ የአክታ ምርመራ ያስፈልገዋል።
4. የዓይን ቢጫ መሆን፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ጥቁር ሰገራ።
5. በድንገት ያበጠ፣ የሞቀና የቀላ መገጣጠሚያ ከትኩሳት ጋር፤ መግል የቋጠረ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሁለቱ ሕሙማን እንመለስ። እናቲቱ ዳይክሎፌናኩን እንዲያቆሙ፣ ጨጓራቸው እንዲመረመር፣ የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲለማመዱ፣ ከተገኘም የሚቀባ ማስታገሻ እንዲጠቀሙ እንመክራቸዋለን። እርድን በወጣቸው እንደ ልማዳቸው ይብሉ። እንክብሉን ለመሞከር ከፈለጉና አቅሙ ካላቸው፣ የጉበትና የሐሞት ችግር እንደሌለባቸው፣ ሌላ መድኃኒትም እንደማይወስዱ አረጋግጠን ለአራት ሳምንት ሊሞክሩት ይችላሉ፤ ካልጠቀማቸው ያቁሙ። ልጃቸውን ከብት አሽጠው ሊገዙት የሚገባ መድኃኒት ግን አይደለም፤ ይህንንም በግልጽ ልንነግራቸው ይገባል።

ወጣቱን ግን ስለ እርድ በመከራከር ጊዜ አናባክንበትም። ጣፊያውን እንዳስሳለን፤ የወባ፣ የካላአዛርና የኤች አይ ቪ ምርመራ እናደርግለታለን፤ ምርመራው በእኛ ዘንድ ከሌለ በዚያው ዕለት ወደሚገኝበት እንልከዋለን። የወባው ውጤት ነፃ ሆኖ ሳለ «ለማንኛውም» ብለን የወባ መድኃኒት ሰጥተን ወደ ቤቱ ከመለስነው፣ በሊቦ ከምከም የተፈጸመውን ስሕተት እኛም እንደግመዋለን።

ማጠቃለያ

እርድ መልካም ቅመም ነው። ከእርሱ የሚጣራው ኩርኩሚን የጉልበት ሕመምን በመጠኑ ሊያስታግስ፣ በአንድ የአንጀት በሽታም የመደበኛው መድኃኒት አጋዥ ሊሆን እንደሚችል የሚያመለክት ማስረጃ አለ። በሽታ የመከላከል አቅምን ያጠነክራል ለሚለው ግን በሕሙማን ላይ የተረጋገጠ በቂ ማስረጃ የለም። ሕዝባችን እርድን በመውደዱ ልንነቅፈው አይገባም። የእኛ ድርሻ ቅመሙ በወጡ ውስጥ እንዲቆይ፣ ትኩሳት ያለበት ሰው ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ እንዲመጣ ማድረግ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤቱ ስትዞር፣ ነርሱና የጤና መኮንኑ በተመላላሽ ክፍል ሲቀመጡ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ እንኳ «ይህ ትኩሳት ስንት ቀን ሆነው?» የሚለውን ጥያቄ እንዳይረሱ አደራ እላለሁ።